ላቲንን በወጉ ማንበብ፦ ስለ ቃላቱና ስለ መሪ ቃላቱ አነባበብ

የቋንቋና የንባብ ወዳጆች በተሰበሰቡበት ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር

ክቡራትና ክቡራን፣ መምህራን፣ ተማሪዎች፣ ከየመዘምራን ቡድኑ የመጣችሁ ወዳጆች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። የዚህ ጉባኤ አዘጋጆች ስለ ላቲን ቃላትና መሪ ቃላት አነባበብ እንድናገር ሲጋብዙኝ በደስታ ተቀብያለሁ፤ ጉዳዩ የጥቂት ሊቃውንት ብቻ ሳይሆን የብዙዎቻችን ነውና። ሥራ ፈልጎ ማመልከቻ ያስገባ ሰው የሕይወት ታሪኩን በላቲን ስም ጠርቶታል፤ ሕግ ያጠና ሰው በየገጹ ላቲን አጋጥሞታል፤ ሕክምና የተማረ ሰው ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ የአጥንትና የጡንቻ ስም በላቲን ሸምድዷል። በዩኒቨርሲቲ ዓርማ ሥር የተጻፈ ላቲን ያላየ ከመካከላችን ማን አለ? ነገር ግን ያንኑ ጽሑፍ ድምፃችሁን አውጥታችሁ አንብቡ ብንባል ስንቶቻችን ሳናመነታ እናነባለን?

በሦስት ነገሮች ላይ እናገራለሁ። መጀመሪያ ትክክለኛ የሚባለው አነባበብ የትኛው እንደሆነ፣ ቀጥሎ በቃሉ ውስጥ ድምፃችን የት ላይ መጠንከር እንዳለበት፣ በመጨረሻም አማርኛ ተናጋሪዎች እንደመሆናችን የሚያግዘንና የሚያሰናክለን ምን እንደሆነ። መሪ ቃላቱን በየመንገዳችን እያነሣን አብረን እናነባቸዋለን።

እንግዲህ የመጀመሪያው። «ትክክለኛው አነባበብ የቱ ነው?» ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው ሁልጊዜ የምመልሰው «የማንን ላቲን ልታነብ ነው?» ብዬ ነው። ላቲን ከ2000 ዓመት በላይ ሲነገር፣ ሲጻፍና ሲዘመር የኖረ ቋንቋ ነውና በየዘመኑና በየአገሩ ድምፁ ተለዋውጧል። ዛሬ በሥራ ላይ ያሉት አነባበቦች በሦስት ይከፈላሉ፦ ሮማውያን በቄሳርና በታላቁ ተናጋሪና ጸሓፊ በሲሴሮ ዘመን ይናገሩት የነበረውን መልሶ ለማግኘት የሚጥረው ጥንታዊው አነባበብ፣ ከጣልያን ምድር የተነሣው የቤተ ክርስቲያን አነባበብ፣ እንዲሁም እንግሊዞችና ጀርመኖች እያንዳንዳቸው በገዛ ቋንቋቸው ቅኝት ያበጇቸው አገራዊ አነባበቦች ናቸው።

ልዩነቱ እንዲሰማችሁ ዩልዩስ ቄሳር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ47 ዓመት ዜላ በተባለ ስፍራ ላይ ድል ካደረገ በኋላ ተናገረው የሚባለውን፣ «መጣሁ፣ አየሁ፣ አሸነፍሁ» የሚለውን ዝነኛ ቃል እንውሰድ። በጥንታዊው አነባበብ «ዌኒ፣ ዊዲ፣ ዊኪ» ይባላል። በቤተ ክርስቲያን አነባበብ «ቬኒ፣ ቪዲ፣ ቪቺ» ይሆናል። በአሮጌው የእንግሊዝ አነባበብ ደግሞ «ቪናይ፣ ቫይዳይ፣ ቫይሳይ» ነበር። ፊደሉ አንድ ነው፤ ጆሮ የሚሰማው ግን ሦስት ሌላ ሌላ ነገር ነው። የሮተርዳሙ ኤራስመስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1528 ስለዚሁ ጉዳይ ባሳተመው መጽሐፍ፣ በንጉሠ ነገሥት ማክሲሚሊያን ፊት ከየአገሩ የመጡ መልእክተኞች በላቲን ንግግር ሲያደርጉ፣ እያንዳንዱ በገዛ ቋንቋው ቅላፄ ስላነበበ አድማጮቹ በላቲን የተናገረ እንዳልመሰላቸው ይተርካል። አንድ ቋንቋ የሚያውቁ ሰዎች በአንድ አዳራሽ ተቀምጠው እርስ በርስ አልተሰማሙም።

እዚህ ላይ ከእናንተ አንዱ «የጥንቱን ድምፅ የቀዳ መሣሪያ በሌለበት ቄሳር ዊኪ ይበል ቪቺ በምን ታወቀ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ተገቢ ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው ምስክር ከእጃችሁ አይርቅም፤ «የቄሳርን ለቄሳር» ስትሉ የምትጠሩት ስም ራሱ ነው። ይህ ስም በላቲን የሚጻፈው እንግሊዞች «ሲ» በሚሏት ፊደል ጀምሮ ነው፤ ግሪኮች ግን ከሮማውያን አፍ ሰምተው ሲጽፉት በራሳቸው የ«ከ» ፊደል «ካይሳር» ብለው ጻፉት፤ ከግሪክኛ ወደ ግዕዝ ሲገባም «ቄሳር» ሆነ። ጀርመኖችም «ካይዘር» ይላሉ። ሮማውያን «ሴሳር» ወይም «ቼሳር» ይሉ ቢሆን ኖሮ ግሪኩም ጀርመኑም በ«ከ» ባልተቀበለው ነበር። «አውግስጦስ»ን ደግሞ ተመልከቱ፤ በላቲን ስሙ ውስጥ ያለው «አው» የሚለው ጥምር አናባቢ በእኛም ዘንድ እንደነበረ ቆይቷል። እንግዲህ ጥንታዊው ላቲን ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ ግማሹን ከወንጌል ንባብ ሲሰማው ያደገ ነው።

ሁለተኛውን ምስክር እጅግ ስለምወደው ሰፋ አድርጌ እነግራችኋለሁ። የሮማው ባለጸጋ ማርኩስ ክራሱስ የፓርቲያን ሰዎች ሊወጋ ሠራዊቱን በብሩንዲሲየም ወደብ መርከብ ላይ ሲያሳፍር፣ አንድ ነጋዴ ከካውኑስ ከተማ የመጣ ደረቅ በለስ ይሸጥ ነበርና «ካውኔአስ! ካውኔአስ!» እያለ ይጮህ ነበር፤ «የካውኑስ በለስ» ማለቱ ነው። ክራሱስ ሄዶ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ53 ዓመት ካሬ በተባለ ስፍራ ላይ ከሠራዊቱ ጋር ጠፋ። ከዚያ በኋላ ሰዎች ነገሩን መለስ ብለው ሲያስቡት፣ የነጋዴው ጩኸት «ካዌ ኔ ኤአስ» ማለትም «ተጠንቀቅ፣ አትሂድ» የሚል ማስጠንቀቂያ ነበር አሉ። ይህን የጻፈው ሲሴሮ ነው፤ እርሱ ራሱ በእንዲህ ያለ ምልክት አያምንም ነበር፤ ለእኛ ግን የተወልን ሀብት ትልቅ ነው። ልብ በሉ፤ «ካዌ ኔ ኤአስ» እና «ካውኔአስ» በጆሮ ሊመሳሰሉ የሚችሉት ያቺ እኛ «ቪ» የምንላት ፊደል እንደ «ው» ስትነበብ ብቻ ነው። «ካቬ» ቢባል ኖሮ ማንም ከበለሱ ስም ጋር አያምታታውም። እንዲሁም ሰዎቹ በፍጥነት ሲናገሩ የቃሉን የመጨረሻ አናባቢ በሚቀጥለው ቃል ውስጥ ይውጡት እንደነበረ ያሳየናል። አንድ የበለስ ነጋዴ በወደብ ላይ የጮኸው ጩኸት ከብዙ የሰዋስው መጽሐፍ የበለጠ ያስተምራል።

ሦስተኛው ምስክር ከዙፋን የመጣ ነው። ከክርስቶስ ልደት በኋላ ከ41 እስከ 54 ዓመት የነገሠው ቀላውዴዎስ ቄሳር አንዲት ፊደል ለ«ኡ»ም ለ«ው»ም ማገልገሏ ስላላስደሰተው፣ ለ«ው» ድምፅ የምትሆን አዲስ ፊደል አውጥቶ ነበር፤ እርሱ ሲሞት ፊደሏም ከጥቅም ውጭ ሆነች፤ በድንጋይ ጽሑፎች ላይ ግን እስከ ዛሬ ትታያለች። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ79 ዓመት በእሳተ ገሞራ አመድ የተቀበረችው የፖምፔ ግድግዳዎችም አሉ፤ ተራው ሰው በጆሮው እንደሰማው የጻፋቸው የፊደል ግድፈቶች፣ የቃል መጨረሻዋ «ም» በአፍ ላይ ደክማ እንደነበረ ይነግሩናል። ስለ «ህ» ድምፅ ደግሞ ባለቅኔው ካቱሉስ ይመሰክራል፤ አሪዩስ የሚባል ሰው የተማረ ለመምሰል በሌለችበት ቦታ «ህ» እየጨመረ፣ ኢንሲዲያስ የሚለውን ቃል «ሂንሲዲያስ» ይል እንደነበረ በግጥሙ ነቅፎታል።

ስለዚህ ጥንታዊውን አነባበብ የሚከተል ሰው ሕጉ አጭር ነው። «ሲ» ምንጊዜም «ከ» ናት፤ «ጂ» ምንጊዜም «ገ» ናት፤ «ቪ» ተነባቢ ስትሆን «ወ» ናት፤ እንግሊዞች «ኤ» እና «ኢ» የሚሏቸው ፊደላት ተጣብቀው ሲጻፉ «አይ» ይባላሉ። «ሲሴሮ» እያልን የምንጠራው ሰውም በገዛ አገሩ «ኪኬሮ» ነበር።

የቤተ ክርስቲያኑ አነባበብ ግን ሌላ ሥርዓት ያለው፣ ሙሉና የተከበረ አነባበብ ነው፤ የተበላሸ ላቲን አይደለም። አንዳንድ የጥንታዊው ወገን ሰዎች ሲያናንቁት ስሰማ አዝናለሁ። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ ዐሥረኛ በ1912 ለቡርዥ ሊቀ ጳጳስ በጻፉት ደብዳቤ የሮማው አነባበብ በየአገሩ እንዲስፋፋ አበረታተዋል። በዚህ አነባበብ «ሲ» «ኤ» እና «ኢ» ተብለው ከሚሰሙ አናባቢዎች በፊት «ች» ትሆናለች፤ «ጂ» በዚያው ቦታ «ጅ» ትሆናለች፤ «ጂ» እና «ኤን» ሲገናኙ «ኝ» ይወጣል፤ «ቲ» ከ«ኢ» ጋር ሆና አናባቢ ሲከተላት «ትሲ» ትባላለች፤ ቀደም ሲል «አይ» ያልነው ጥምር «ኤ» ይሆናል። «ህ» አትሰማም፤ «ሚሂ» እና «ኒሂል» በሚሉት ቃላት ውስጥ ግን «ሚኪ» እና «ኒኪል» ተብላ ወደ «ከ» ትለወጣለች።

አንድ ጊዜ አንድ የመዘምራን ቡድን በላቲን ዜማ ላይ እንዳግዘው ጠርቶኝ በልምምዱ ተገኝቼ ነበር። «ግሎሪያ ኢን ኤክሼልሲስ ዴኦ»፣ ማለትም «ክብር ለእግዚአብሔር በአርያም» የሚለውን ሲዘምሩ ዜማው ትክክል ነው፣ ድምፃቸውም መልካም ነው፤ ሆኖም «ኤክሼልሲስ» ላይ ሲደርሱ አንድ ነገር ይረበሻል። ወደ እያንዳንዱ መደዳ ቀርቤ ሳዳምጥ ከፊቶቹ «ኤክሴልሲስ»፣ ከመካከሎቹ «ኤክሼልሲስ»፣ ከኋላ ያሉት ሁለት ወንዶች ደግሞ ከጀርመን መምህር የተማሩ ስለነበሩ «ኤክስትሴልሲስ» ይላሉ። ሦስቱ ድምፆች በአንድ ምት ላይ ሲወጡ ፉጨት ይፈጥራሉ፤ አናባቢዋም በሦስት የተለያየ ቅጽበት ትጀምራለች። አንዳቸውም አልተሳሳቱም፤ እያንዳንዳቸው የያዙት አነባበብ የራሱ ሥርዓት አለው። የጎደለው ስምምነት ነበር። የመዘምራኑ መሪ «ሁላችንም እንደ ሮማ» ብለው ወሰኑ፤ ያው ሐረግ ሲደገም ፉጨቱ ጠፋ። ያው ቡድን የጀርመን ደራሲ ሥራ ቢያቀርብ ኖሮ መሪው በጀርመን አነባበብ ለመዘመር ቢወስኑም ተገቢ ነበር፤ ብዙ ቡድኖች እንዲህ ያደርጋሉ።

የእኔ አቋም እንግዲህ ይህ ነው፤ አጥብቄም እለምናችኋለሁ፦ አንዱን አነባበብ ምረጡ፣ በመረጣችሁትም ጽኑ። የጥንት ሮማውያንን ጽሑፍ ስታነቡ በጥንታዊው፣ ስትዘምሩና ስትጸልዩ በቤተ ክርስቲያኑ፣ በእንግሊዝኛ በሚሠራ ችሎት ስትከራከሩ በእንግሊዙ ልማድ ሂዱ። «ፕሪማ ፋኪኤ» የሚለውን የሕግ ሐረግ እንግሊዛዊ ዳኛ ፊት «ፕራይማ ፌሺ» ማለት ሙያው የሚጠይቀው ነው። ግን አታደባልቁ! የቀድሞ ተማሪዎችን የሚጠሩበትን ቃል እንመልከት። በጥንታዊው አነባበብ ወንዶቹ «አሉምኒ»፣ ሴቶቹ «አሉምናይ» ናቸው። በእንግሊዝ ልማድ ተገልብጦ ወንዶቹ «አለምናይ»፣ ሴቶቹ «አለምኒ» ይሆናሉ። ተናጋሪው ከሁለቱ እያደባለቀ ሲናገር አድማጩ ስለ ወንዶች ይሁን ስለ ሴቶች የሚነገረው በምን ይለያል?

አሁን ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልሻገር፤ ይህ ከሁሉም ይልቅ የሚያሳስበኝ ነው። ድምፃችን የሚጠነክርበትን ክፍለ ቃል ጫና ያለበት ክፍለ ቃል እንበለው። ስለ «ሲ» እና ስለ «ቪ» ወገን ለይተው የሚከራከሩ ሰዎች ሁሉ በጫናው ሕግ ይስማማሉ፤ ጥንታዊውም የቤተ ክርስቲያኑም የሚመራው በአንድ ሕግ ነው። የግዕዝን ንባብ የተማራችሁ ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ተጣይና ሰያፍ የሚባሉትን ታውቃላችሁ፤ ወዳቂውን አንሥቶ ያነበበ ተማሪ በመምህሩ ፊት ምን እንደሚደርስበት አልነግራችሁም። ላቲንም የራሱ ተነሽና ወዳቂ አለው።

ሕጉ ይህ ነው። ቃሉ ሁለት ክፍለ ቃል ብቻ ካለው ጫናው በመጀመሪያው ላይ ነው። ሦስትና ከዚያ በላይ ካለው ከመጨረሻው በፊት ያለውን ክፍለ ቃል ተመልከቱ፤ እርሱ ረጅም አናባቢ ወይም ጥምር አናባቢ ካለው፣ ወይም በተነባቢ ከተዘጋ፣ ጫናውን እርሱ ይይዛል፤ ካልሆነ ጫናው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣ ከመጨረሻው ሦስተኛ ወደሆነው ይሄዳል። በጣም ጥቂት ከሆኑ ቃላት በቀር በመጨረሻው ክፍለ ቃል ላይ ፈጽሞ አይወድቅም።

እስቲ እንፈትነው። ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በዓርማው ላይ የጻፈው «እውነት» የሚለው ቃል «ቬ-ሪ-ታስ» ነው። ብዙ ሰው መካከለኛውን ያጠነክራል። ነገር ግን «ሪ» አጭርና ክፍት ስለሆነ ጫናው ወደ «ቬ» ይመለሳል። ያው ቃል ተሳቢ ሲሆን «ቬ-ሪ-ታ-ቴም» ይላል፤ እዚህ ላይ «ታ» ረጅም ስለሆነ ጫናውን ይወስዳል። በ1782 በጸደቀው የአሜሪካ ታላቅ ማኅተም ላይ ያለው «ከብዙዎች አንድ» የሚለው መሪ ቃል «ኤ ፕሉ-ሪ-ቡስ ኡ-ኑም» ሲሆን ጫናው በ«ፕሉ» እና በ«ኡ» ላይ ነው። የአሜሪካ ማሪን ጦር ወታደሮች «ሁልጊዜ ታማኝ» የሚሉት «ሴም-ፔር ፊ-ዴ-ሊስ» ግን «ዴ» ረጅም ስለሆነች መካከል ላይ ይጠነክራል። የካንሳስ ግዛት «በመከራ በኩል ወደ ከዋክብት» የሚለውን «አድ አስ-ትራ ፔር አስ-ፔ-ራ» ብላ ትጽፋለች፤ የመጨረሻው ቃል ጫና በ«አስ» ላይ እንጂ ብዙዎች እንደሚሉት በ«ፔ» ላይ አይደለም። አናባቢው ረጅም ይሁን አጭር በምን እናውቃለን? ጥሩ የላቲን መዝገበ ቃላት በረጅሙ አናባቢ ላይ ሰረዝ ያደርጋል፤ መሪ ቃል በአደባባይ የምታነቡ ሁሉ ያንን ገልጣችሁ ሳታዩ ወደ መድረክ አትውጡ።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ነገር አለ። በላቲን ውስጥ የሚጻፍ ሁሉ ይነበባል፤ ከቤተ ክርስቲያኑ «ህ» በቀር ዝም የምትል ፊደል የለችም። በአንድ የምረቃ በዓል ላይ ተገኝቼ ሳለ የክብር ተመራቂዎችን ስም የሚጠሩት ሰው «ማግና ኩም ላው-ዴ»፣ ማለትም «በታላቅ ክብር» የሚለውን ሐረግ በእያንዳንዱ ተመራቂ ስም ላይ «ላውድ» እያሉ ያነቡ ነበር። የመጨረሻዋ «ዴ» ጠፋች። ተመራቂዎቹም በዓሉ ካለቀ በኋላ እርስ በርስ እንኳን ደስ ያለህ ሲባባሉ «ላውድ» ይላሉ። ቃሉ የእነርሱ ክብር ስም ነው፤ ዕድሜ ልካቸውን ሊጠሩት ነው፤ ታዲያ ሙሉ ሆኖ ቢሰጣቸው ምን ነበረበት?

ሦስተኛው ነጥብ እኛን ይመለከታል። አማርኛ ተናጋሪ ላቲንን ለማንበብ የታደለ ነው። የሚርገበገበው «ረ» አለን፤ «ኝ»፣ «ች»፣ «ጅ»፣ «ሽ» አሉን፤ ከሁሉም በላይ ማጥበቅና ማላላት አለን። በላቲን «አኑስ» ላልቶ ሲነበብ አሮጊት፣ ጠብቆ ሲነበብ ዓመት ነው። እንግሊዛዊ ተማሪ ይህን ለመለየት ብዙ ይደክማል፤ «ዋና» የሚለው ቃል ላልቶ የውኃ ዋና፣ ጠብቆ የነገሩ ዋና እንደሆነ ከልጅነቱ የሚያውቅ ሰው ግን አንድ ጊዜ ሲነገረው ይበቃዋል። ችግሩ ፊደላችን ጥብቀትን አለማሳየቱ ነው፤ ስለዚህ ላቲንን በፊደላችን የምትጽፉ ሰዎች በሚጠብቀው ፊደል ራስ ላይ ምልክት አድርጉ። «አኖ ዶሚኒ» ስትሉ «ኖ»ን አጥብቁ፤ «በጌታ ዓመት» ማለት ነውና።

የሚያሰናክሉን ደግሞ አሉ። የላቲን «አ» ሁልጊዜ ራብዕ ነው፤ ወደ ግዕዙ ወደ «ኧ» አታውርዱት፤ «ማግና» እንጂ «መግነ» የለም። በቃል መጀመሪያ ሁለት ተነባቢ ሲገጥማችሁ «እ» አታስቀድሙ፤ «ስታ-ቱስ» በሉ እንጂ «እስታቱስ» አትበሉ። የጥንት ተርጓሚዎቻችን የግሪኩን «ከ»፣ «ተ»፣ «ፐ» በ«ቀ»፣ «ጠ»፣ «ጰ» ጽፈዋልና ጴጥሮስና ጳውሎስ እንላለን፤ ይህ የቆየ ወግ ነው፣ ይክበር፤ ላቲን ስታነቡ ግን ቀላሎቹን «ከ»፣ «ተ»፣ «ፐ» ተጠቀሙ። ደግሞም በእንግሊዝኛ በር አትግቡ! የሥራ ማመልከቻችሁን ራስጌ «ካሪኩለም ቫይቲ» ከማለት «ኩ-ሪ-ኩ-ሉም ቪ-ቴ» ማለት ለአፋችን ይቀላል፤ በጥንታዊው ከሆነም «ዊ-ታይ»። «ወዘተ» ለማለት «ኤክሴትራ» የሚሉ አሉ፤ በመጀመሪያው ቃል ውስጥ «ክ» የሚባል ነገር የለም፤ «ኤት ኬ-ቴ-ራ» ወይም «ኤት ቼ-ቴ-ራ» ነው፣ ሁለት ቃል ነው፣ ጫናውም በ«ኬ» ወይም በ«ቼ» ላይ ነው።

ከመቀመጤ በፊት አንድ መሪ ቃል አብረን እናንብብ፤ ሁላችንም የምናውቀውን የኦሊምፒኩን። ፒየር ደ ኩበርታን በ1894 ያቀረበው፣ ከወዳጁ ከአባ ሄንሪ ዲዶን የወሰደው ቃል ነው፤ «ይበልጥ ፈጣን፣ ይበልጥ ከፍ ያለ፣ ይበልጥ ብርቱ» ማለት ነው። ቃላቱ እያንዳንዳቸው ሦስት ክፍለ ቃል አላቸው፤ የመካከለኛው በሦስቱም አጭር ስለሆነ ጫናው በሦስቱም በመጀመሪያው ላይ ይወድቃል፤ ስለዚህ አንድ ጠንካራና ሁለት ቀላል እያለ እንደ ዱብዱብታ ይሄዳል። በጥንታዊው ከእኔ ጋር በሉ፦ ኪ-ቲ-ኡስ፣ አል-ቲ-ኡስ፣ ፎር-ቲ-ኡስ። እንደገና! አሁን ደግሞ በቤተ ክርስቲያኑ፦ ቺ-ትሲ-ኡስ፣ አል-ትሲ-ኡስ፣ ፎር-ትሲ-ኡስ። መልካም። በ2021 «በአንድነት» የሚል አራተኛ ቃል ተጨምሯል፤ ኮ-ሙ-ኒ-ቴር ይባላል። «ም» ትጠብቃለች፤ ጫናው በ«ሙ» ላይ ስለሆነ የሦስቱ ምት እዚህ ላይ ይሰበራል። ስለዚህ ከሦስተኛው ቃል በኋላ ትንፋሽ ውሰዱና ለብቻው ጀምሩት። እስቲ ከመጀመሪያው እንበለው፤ ከዚያ በኋላ ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።